የመቶ ሽልንግ ወይራ

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ትንሽ ዛፍ ልናጫውታችሁ ነው። «በዚህ ሁሉ ችግር መሐል ደግሞ የምን ዛፍ ነው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛንም ጎረቤቶቻችን ደጋግመው ጠይቀውናል። ያየነውንና የሠራነውን እናቀርባለን፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

እኛ ስንል በናይሮቢ ከተማ፣ ኢስሊ በሚባለው ሠፈር የምንኖር ሦስት ስደተኛ መምህራን ማለታችን ነው። በአገር ቤት ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀን ጠመኔ ይዘን የኖርን፣ እዚህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በተከራየንበት ፎቅ ጣሪያ ላይ ለስደተኛ ልጆች ፊደልና ሳይንስ የምናስተምር ሰዎች ነን። ጣሪያው የሁሉም ነው፤ ልብስ ይሰጣበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ የውሃ ሮቶዎች ተደርድረውበታል። በአንደኛው ጥግ፣ ከሮቶው አጠገብ፣ ዛሬ አሥራ አንድ ትናንሽ ዛፎች ቆመዋል።

አጀማመሩ እንዲህ ነበር። ስለ ዕፅዋት ስናስተምር ልጆቹ በዓይናቸው የሚያዩት፣ በእጃቸው የሚዳስሱት ነገር አጣን። ኢስሊ ፎቅና ሱቅ ሞልቶታል፤ ዛፍ ግን ብርቅ ነው። መሬት የለን፤ ቤቱም የሰው ነው፤ ዛሬ አለን፣ ነገ የት እንደምንሆን አናውቅም። እንዲህ ላለ ሰው የሚሆን ዛፍ አለ ወይ ብለን ስናወጣ ስናወርድ ከመካከላችን አንዱ «ቦንሳይ» የሚባለውን አነሣ።

ለመሆኑ ቦንሳይ ምንድን ነው? ቃሉ የጃፓን ነው። «ቦን» ዝርግ ሳህን፣ «ሳይ» ደግሞ ተከላ ማለት ነው። ጥበቡ ግን መጀመሪያ የቻይናዎች ነው፤ በ706 እ.ኤ.አ. በተሠራ የአንድ ልዑል መቃብር ግድግዳ ላይ ትንንሽ ተክልና ድንጋይ በሳህን የተሸከሙ አገልጋዮች ተሥለው ይታያሉ። ብዙ ሰው ቦንሳይ የተለየ የዛፍ ዘር ይመስለዋል። መድኃኒት እየተወጋ የሚቀጭጭ የሚመስለውም አለ። ሁለቱም አይደለም። ግንዱ እንጨት የሚሆን ተክል ሁሉ ማለት ይቻላል ቦንሳይ ሊሆን ይችላል። ቅርንጫፉና ሥሩ በየጊዜው እየተከረከመ፣ በሽቦ እየተገራ፣ በትንሽ ዕቃ ውስጥ የትልቅ ዛፍ መልክ እንዲይዝ ይደረጋል። የዘሩ ጠባይ አይለወጥም። ፍሬውን ወስዳችሁ መሬት ላይ ብትዘሩት የሚበቅለው ሙሉ ዛፍ ነው። እርሱ ራሱም ከሳህኑ ወጥቶ መሬት ቢያገኝ እንደ ዘመዶቹ ያድጋል።

እንግዲህ ገበያ ወጣን። ናይሮቢን የሚያውቅ ሁሉ በንጎንግ መንገድም ሆነ በኪያምቡ መንገድ ሲያልፍ ከአስፋልቱ ዳር በጥቁር ላስቲክ የተደረደሩ ችግኞችን ሳያይ አይቀርም። ለአጥር የሚሆነው፣ ለጥላ የሚሆነው፣ የአበባው፣ የፍራፍሬው ዓይነት በዓይነት ነው። ገዢው ሁሉ ከፊት ያለውን፣ ቀጥ ብሎ የለመለመውን ይመርጣል። ለቦንሳይ የሚፈለገው ግን ከኋላ ያለው ነው፤ ሳይሸጥ ሁለት ሦስት ዓመት የቆየው፣ ጫፉ ተሰብሮ ወደ ጎን የወጣው፣ ሥሩ ላስቲኩን ቀዶ መሬት የያዘው። ሻጩ ቦታ ስለያዘበት በርካሽ ይለቀዋል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ በቆየበት ዘመን የወፈረውን ግንድ ነው። ቅርንጫፍ በአንድ ዝናብ ይወጣል፤ የግንድ ውፍረት ግን ዓመታት ይፈጃል።

በዚያ ጥግ ያገኘነው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ወይራ! ያውም አገር ቤት የምናውቀው ወይራ፤ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ጀርባው ወደ ቡናማ የሚያደላው። ኪኩዩዎች «ሙታማይዮ»፣ ማሳዮች «ኦሎይሪየን» ይሉታል። አብረውን የሄዱት ልጆች ስሙን እንጂ ዛፉን አያውቁትም፤ አብዛኞቹ የተወለዱት እዚሁ ኬንያ ነውና። የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚታጠንበት፣ ጥርስ የሚፋቅበት፣ ከዘራ የሚሆነው ዛፍ ይህ ነው ብለን ነገርናቸው። ሻጩ ምን እንደምንል ጠይቆ ሲረዳ ሳቀ፤ ማሳዮችም የወተት ቅላቸውን በዚሁ እንጨት ፍም ነው የሚያጸዱት አለን። በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም ወይራ ስሙ የተነሣ ዛፍ መሆኑን አንዲት ተማሪያችን አስታወሰችን። ዋጋውን ጠየቅን፤ 150 አለ፣ በ100 ሽልንግ ተስማማን። አምስት ገዝተን በማታቱ ስንጭን የአንድ ሰው ቦታ ይዘዋል ተብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፈልንላቸው። ልጆቹ እስከ ዛሬ ድረስ «ስድስተኛው ተሳፋሪ» እያሉ ይስቃሉ።

አሠራሩን መሞከር ለሚፈልግ ሰው በቅደም ተከተል እናስረዳ።

አንደኛ፣ ተክል ሲመረጥ የሚታየው ቅጠሉ ሳይሆን እግሩ ነው። አፈሩን በጣት ገፋ አድርጎ ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ግንዱ ከታች ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ሥሮቹ በዙሪያው የተዘረጉ፣ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ ያለው ከሆነ ይገዛል። ቅጠሉ በተፈጥሮው ትንንሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ዛፉ ሲያጥር ቅጠሉ የዚያኑ ያህል አያንስምና።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ነው። ናይሮቢ ላይ ዋናው ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ፣ አነስተኛው ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። ተክሉ ሊያቆጠቁጥ ሲል፣ ማለትም ዝናቡ ሲጀምር መሥራት ጥሩ ነው። በጁንና በጁላይ ብርድ እድገቱ ስለሚቀንስ ባይነካ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ቅርንጫፍና ሥር በአንድ ቀን አይቆረጥም። መጀመሪያ ቅርንጫፉ ብቻ ይከረከማል። አዲስ ቅጠል አውጥቶ እስኪያገግም ጥቂት ወራት ይጠበቃል። በሚቀጥለው ዝናብ ሥሩ ይነካል። ቤቱን ያጣ ሰው በዚያው ሳምንት ሥራውንም ቢያጣ ምን እንደሚሆን እኛ ለእናንተ አንነግራችሁም፤ ተክልም እንደዚያው ነው።

አራተኛ፣ አቆራረጡ ነው። መቀሱን ከማንሣት በፊት ዛፉን ፊት ለፊት አስቀምጦ አንድ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ብሎ ማየት ነው። የትኛው ነው ፊቱ? የትኛው ነው ጀርባው? ከዚያ የግንዱ የታችኛው ሲሶ ቅርንጫፍ ሳይኖረው ይቀራል። ከዚያ በላይ አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ፣ አንድ በስተኋላ እያደረጉ ቅርንጫፍ ማስቀረት ነው። በአንድ ከፍታ ላይ ግራና ቀኝ የሚተያዩ ሁለት ካሉ አንዱ ይነሣል። ቁመቱ ከበዛ ግንዱ ከአንድ ጥሩ የጎን ቅርንጫፍ በላይ ይቆረጥና ያ ቅርንጫፍ አዲሱ ራስ ይሆናል። መቀሱ የተሳለና የጸዳ ይሁን። ወይራ ከአሮጌ እንጨቱ ሳይቀር እንደገና የሚያቆጠቁጥ ጠንካራ ዛፍ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል።

አምስተኛ፣ ሽቦ ነው። ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተረፈ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ይበቃል። ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን። በ45 ዲግሪ ያህል አጋድሞ ከጠመጠሙት በኋላ ቅርንጫፉን በሁለት እጅ ቀስ አድርጎ ወደሚፈለገው ማጠፍ ነው። የወይራ እንጨት ጠንካራ ስለሆነ እርሳስ ከሚያክለው በላይ የወፈረውን ለማጠፍ አትታገሉ፤ ይሰበራል። ሽቦው ልጡን መብላት ሳይጀምር መነሣት አለበትና በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። ሲነሣም በፒንሳ እየተቆራረጠ ነው፤ ልፍታ ቢሉ ቅርንጫፉን ይገነጥላል።

ስድስተኛ፣ ሥሩ ነው። ተክሉን ከላስቲኩ አውጥቶ በቀጭን እንጨት አሮጌውን አፈር ማራገፍ ነው። ወደ ታች የወረደው ወፍራሙ ሥር ያጥራል። እንደ ፀጉር የቀጠኑት ይቀራሉ፤ ውሃና ምግብ የሚስቡት እነርሱ ናቸው። በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው ሥር ከሲሶ በላይ አለመቁረጥ ይመከራል። ዕቃው የተሰነጠቀ ሳህንም ይሁን አጭር ተደርጎ የተቆረጠ ጀሪካን ግድ የለም፤ ብቻ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ሥሩን ያበሰብሳል። አፈሩን በተመለከተ እኛ የምንጠቀመው አንድ እጅ የናይሮቢ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ተነፍቶ ዱቄቱ የወጣለት ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ተሰባብሮ ሽምብራ ያከለ ጡብ ነው። ዛፉን በሽቦ ከዕቃው ጋር ማሰር አይረሳ፤ ነፋስ ካወዛወዘው አዲሱ ሥር ይበጠሳል። ከዚያ ውሃው ከታች ጠርቶ እስኪወጣ አጠጥቶ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ጥላ ሥር ማቆየት ነው። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ፍግም ሆነ ማዳበሪያ አይሰጠውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ውሃ ነው። ብዙ ቦንሳይ የሚሞተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው እንደ ጌጥ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ነው፤ ዛፍ ነውና ፀሐይና ነፋስ ይፈልጋል። ሁለተኛው በልማድ፣ አፈሩን ሳያዩ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ሲያጠጡት ወይም ጨርሶ ሲረሱት ነው። ጣት ወደ አፈሩ ገባ ይደረጋል፤ ላዩ መድረቅ ከጀመረ ይጠጣል፣ እርጥብ ከሆነ ይቆያል። ኢስሊ ውስጥ ውሃ በጀሪካን የምንገዛበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለዛፍ ተብሎ ውሃ አንገዛም። ሩዝና ምስር የታጠበበት ውሃ ይበቃዋል። ሳሙና የነካው ግን አይሆንም።

ታዲያ ሥራው እንዲህ እየሄደ ሳለ አንዲት የግቢያችን እናት ልብስ ሊያሰጡ ጣሪያው ላይ ወጡ። ልጆቹ ሥር እየከረከሙ ነበር። እናታችን ቆመው ለጥቂት ጊዜ አዩና እንዲህ አሉ። «ምነው ልጆቼ! እኛ በጠባብ ቤት መታጎራችን አንሶ እናንተ ደግሞ ዛፍ ታጉራላችሁ? ያውም ወይራን! በእኛ ቀዬ ያለውን ወይራ እኮ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ኧረ ይህ ግፍ ነው!»

ልጆቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። እኛም ዝም አልን። የእማማ ነገር እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። ከካምፕ ለመውጣት ወረቀት የሚጠይቅ ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከስድስት ልጅ ጋር የሚያድር ሰው፣ በትንሽ ሳህን ውስጥ የቆመ ዛፍ ሲያይ ራሱን ቢያይ አይፈረድበትም። ልጆቻችንን በጠባብ ቦታ መኖርን እያለማመድናቸው ቢሆንስ? ጠባቡን ነገር ውብ ነው እያልን ብናስተምራቸውስ? በዚህ ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ተከራከርን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእማማ ቡና አፍልተን ያልናቸው ይህን ነው። «እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ማጎር ግፍ ነው። ይህ ዛፍ ታጉሮ የነበረው ግን ችግኝ ጣቢያው ጥግ ነው። ይመልከቱ፣ ሥሩ ላስቲኩ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ራሱን ሊያንቅ ነበር፤ እኛ የምንቆርጠው ይህንን ነው። አሁን በየሁለት ሦስት ዓመቱ አፈሩ ይታደስለታል። ሲጠማው የሚያውቅለት ሰው አለው። ደግሞም ትልቅነቱ አልጠፋም፤ አንድ ቀን መሬት ያገኘን እንደሆነ አውጥተን ብንተክለው ያድጋል። እኛ መሬት እስኪገኝ በሕይወት እናቆየዋለን።»

እማማ ሙሉ በሙሉ አላመኑንም። «እንግዲህ እናያለን» ብለው ስኒያቸውን አስቀምጠው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ግን ምስር ያጠቡበትን ውሃ በጣሳ ይዘው መውጣት ጀመሩ። «እስቲ ለዚያ ለእስረኛ» ይላሉ ሲሰጡን። እስረኛ ማለታቸውን እስከ ዛሬ አልተዉም። እኛም አላረምናቸውም፤ ጥያቄያቸው ከልጆቹ ጆሮ ባይጠፋ ደግ ነው ብለን ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ተማሪያችን እንንገራችሁ። ስንጀምር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ቤተሰቡ ፕሮሰስ እየጠበቁ ዓመታት አልፈዋል። ደብተር ይዘህ ና ሲባል «ለምን? ልንሄድ ነው እኮ» ይላል። ኪስዋሂሊህን አጥና ሲባል «ልንሄድ ነው» ይላል። ይህ የእርሱ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ እናንተም በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። «ልንሄድ ነው» ብሎ አልጋ ያልገዛ፣ «ልንሄድ ነው» ብሎ ሙያ ያልተማረ፣ ስንቱ አለ! መሄዱ ይመጣ ይሆናል፤ ዓመቱ ግን እኛን ሳይጠብቅ ይሄዳል።

ለዚህ ልጅ የደረሰው ወይራ ከአምስቱ በጣም ጠማማው ነበር። ግንዱ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ወድቆ እንደገና ቀና ያለ ነው። «ይህማ ምን ይሆናል?» ብሎ ናቀው። ለማቃናት አልሞከርንም፤ ጠማማነቱን ተከትለን ነው የከረከምነው። ጃፓኖች በተራራ ላይ ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያጋደለውን ዛፍ የሚመስል ራሱን የቻለ አሠራር እንዳላቸው ስንነግረው ጆሮውን ሰጠን። ዛፉ ውሃ ስለሚጠማው ቅዳሜን መቅረት አልቻለም። ከመጣ አይቀር ትምህርቱንም አብሮ ተማረ፤ ሥር ውሃ እንዴት እንደሚስብ፣ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን እንዴት ምግብ እንደሚያዘጋጅ የገባው ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ከዚያ ሳህን ነው። ተአምር ሆነ አንልም፤ «ልንሄድ ነው» ማለቱን አልተወም። ሆኖም መቼ እንደከረከመ፣ መቼ ሽቦ እንዳነሣ፣ መቼ አፈር እንደለወጠ ቀኑን የሚጽፍበት ደብተር በራሱ ገንዘብ ገዛ።

በአራተኛው ዓመት ዛፉ ቁመቱ ሁለት ስንዝር፣ አቋቋሙ የሽማግሌ ሆነ። አንድ ሰው ለምግብ ቤቱ በረንዳ ፈለገውና 6,000 ሽልንግ አቀረበ። በዚያ ወር ደግሞ የልጁ እናት የቤት ኪራይ ጎድሎባቸው ነበር። እናቱ «ዛፍ እንጂ ሰው አይደለም፤ ይሸጥ» አሉ። እኛ መምህራኑ ከሁለት ተከፈልን። ከመካከላችን አንዱ «አራት ዓመት የደከመበትን ከእጁ ስንነጥቀው ምን ብለን ነው?» ሲል፣ ሌላው «ዕቃቸው ደጅ ሲወጣስ ምን ልንለው ነው?» አለ። በመጨረሻ ዛፉ የልጁ ነው፣ ልጁ ይወስን ተባባልን። ልጁ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን «ይሸጥ፤ ግን ለገዢው እኔ ራሴ ላስረዳው» አለ።

ሄዶም ለሰውየው ግማሽ ቀን ሙሉ አስተማረው። ውጭ እንጂ ቤት ውስጥ እንዳያስቀምጠው፣ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሳያስገባ እንዳያጠጣው፣ የተጠመጠመውን ሽቦ እንዳይረሳው ነገረው። ገንዘቡን ለእናቱ ሰጠ። 100 ሽልንግ ብቻ ለምኖ አስቀረና በማግስቱ ንጎንግ መንገድ ሄዶ ሌላ ጠማማ ወይራ ይዞ መጣ። ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ያውቃል፤ ግን ከየት እንደሚጀመር የሚያሳየው ሰው አላስፈለገውም።

እኛ ስደተኞች ጥለን የመጣነው ብዙ ነው። ቤት የጣለ አለ፣ መጻሕፍቱን የጣለ አለ፣ ከእኛ መካከል ዲፕሎማውን ሳይቀር የጣለ አለ። ከእኛ ጋር ድንበር የተሻገረው እጃችን የለመደውና አእምሯችን የያዘው ብቻ ነው። በእኛ አልተጀመረም። በ1923 እ.ኤ.አ. ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ቶኪዮን ባወደመ ጊዜ በከተማይቱ የነበሩ የቦንሳይ ባለሙያዎች ቦታቸውን ለቀው ኦሚያ ወደሚባል አካባቢ ሄዱ፤ በ1925ም በዚያ የቦንሳይ መንደር መሠረቱ። መንደሩ ዛሬም አለ። በ1989 የመጀመሪያው የዓለም የቦንሳይ ጉባኤ የተደረገው በዚያው በኦሚያ ነው።

የአንድ ጥድ ታሪክም አለ። በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም ውስጥ ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲጠበቅ የኖረ የጃፓን ነጭ ጥድ ይገኛል። ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል ይህ ዛፍ ቦምቡ ከፈነዳበት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ያማኪ በሚባል ቤተሰብ ግቢ፣ ከግንብ ጀርባ ነበር፤ ተረፈ። አሜሪካ የነጻነቷን 200ኛ ዓመት ባከበረችበት በ1976 ጃፓኖች ከሰጡት 53 ቦንሳይ አንዱ ሆነ። ቦምቡን ያለፈ ዛፍ መሆኑን በዚያ ያሉት ጠባቂዎቹ የተረዱት ግን በ2001 የቤተሰቡ የልጅ ልጆች ሊጎበኙት በመጡ ጊዜ ነው። አራት መቶ ዓመት ያህል አንድ ሰው ብቻውን አያጠጣም። ሲሰጥ፣ ሲወረስ፣ አገር ሲለውጥ፣ እያንዳንዱ ተረካቢ ከቀደመው ተምሮ ነው የቆየው። ልጁ ዛፉን ሲሸጥ ለገዢው ግማሽ ቀን ማስተማሩ ትክክል እንደነበረ ይህን ስንሰማ ገባን።

ይህን ጽሑፍ ለእናንተ እንድንጽፍ ያደረገንም ያው ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ቤተሰቡ ከናይሮቢ ወደ ካኩማ ተዛወረ። ሁለተኛውን ወይራ ለእኛ አደራ ብሎ ሄደ። ከወር በኋላ ደወለ። ስለ ፕሮሰስ የሚያወራን መስሎን ነበር። እርሱ ግን «መምህር፣ እዚህ ምን ይበቅላል?» አለ።

የመለስንለትን ለሁላችሁም እናካፍላችሁ። ወይራ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። ናይሮቢ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይስማማዋል። ካኩማ ግን ከዚህ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቆላ ነው፤ ሙቀቱም ከ35 ዲግሪ በላይ መዋሉ የተለመደ ነው። ዳዳብም ቆላ ነው። በዚያ ወይራ ላይ መድከም አያስፈልግም። ለቆላ የሚሆነው ሁመር ነው፤ ሮቃም ይባላል፣ በኪስዋሂሊ ደግሞ «ኡክዋጁ» ይሉታል። ፍሬው ገበያ ላይ ለምግብ ይሸጣል። ጎምዛዛውን በልታችሁ ዘሩን አትጣሉት። አንድ ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በአሸዋማ አፈር ብትዘሩት በሁለት ሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ቅጠሉ ትንንሽ ነው፣ ሙቀት ይወዳል፤ በሕንድና በሌሎችም ሞቃት አገሮች ለቦንሳይ የተመረጠ ዛፍ ነው። ከዘር ሲጀመር ከተገዛ ችግኝ ይልቅ ዓመታት ይጨምራል፤ በዋጋ በኩል ግን ከመቶ ሽልንግም ያነሰ ነው።

ሌላው የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት ነው። በሰሜን ኬንያ ደረቅ መሬት ላይ በተፈጥሮው ይበቅላል። ግንዱ ከታች አብጦ ውሃ ስለሚያጠራቅም ለጥቂት ሳምንታት ባይጠጣም ይችላል፤ እንዲያውም ውሃ ሲበዛበት ነው የሚበሰብሰው። ነገር ግን ወተቱ መርዝ ነው፤ በድሮ ጊዜ አዳኞች ቀስታቸውን ይቀቡበት ነበር። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ባይገባ እንመክራለን፤ የነካውም ሰው እጁን ይታጠብ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛፍ ከሜዳ ነቅላችሁ አታምጡ። መሬቱ የባለአገሩ ነው፤ በማገዶ ምክንያት ስንት ጠብ እንደተነሣ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ከዘር ወይም ከቁራጭ አሳድጉ።

አሸዋው እናንተ ዘንድ ሞልቷል፤ ዱቄቱን በወንፊት ማውጣት ብቻ ነው። ዕቃው የዘይት ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል፤ በሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ትበሱታላችሁ። ቆርቆሮ በፀሐይ ስለሚግል ግን ዙሪያውን በጆንያ ጠቅልሉት፤ በቀትር ጥላ ያግኝ። ውሃው የወረፋ ውሃ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ ለሰው ከሚጠጣው ላይ አትቀንሱ፣ ምስር የታጠበበት ይበቃል። ለልጅ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ዛፍ ለአንድ ልጅ ይሁን፤ የሁሉም የሆነ ዛፍ የሚያጠጣው አያገኝም።

ልጁ ሦስት የሁመር ዘር በቅሎለታል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ቁመታቸውን በጣት ለክቶ ነገረን። እነርሱ ዛፍ እስኪሆኑ ቤተሰቡ ካኩማ ይኑር አይኑር እኛም አናውቅም፣ እርሱም አያውቅም። ቢሄዱ ግን ለማን እንደሚሰጣቸው አስቀድሞ መርጧል፤ የጎረቤታቸውን ትንሽ ልጅ ነው፤ ከአሁኑ እንዴት በጣት አፈር እንደሚነካ እያሳየው ነው።

ወገኖቻችን፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ከእናንተ መካከል የሞከረ ካለ፣ የበቀለለትንም የደረቀበትንም በዚሁ መጽሔት ይጻፍልን። እኛም ከእናንተ እንማራለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።